የእናቴን መሬት ጅረት እየበላው ነው፤ አኻያ ብተክልበት ያድነዋል?

የላህ ዳር ልጅ፣ ነሐሴ 14

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ እናቴ ደውላ ካወራችኝ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

እናቴ የምትኖረው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ነው። ከጓሮዋ በታች ትንሽ ጅረት አለች። በበጋ ልጅ የሚዘላት ናት። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። ባለፉት አራት ክረምቶች ከጓሮው ጫፍ ስድስት እርምጃ ያህል በልታለች፣ በእግሬ ነው የለካሁት። መጀመሪያ ጌሾው ሄደ። ዘንድሮ ደግሞ ሁለት የቡና እግር ከነአፈሩ ተንሸራቶ ገባ። እናቴ ማታ ማታ ዝናብ ሲጥል አትተኛም።

አባቴ በሕይወት እያለ የጅረቱ ዳር ዳሩ አኻያ ነበር። ልጅ ሆነን ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥለን ውኃ ውስጥ እንዘል ነበር። ቀስ በቀስ ለማገዶም ለአጥርም እየተባለ ተቆርጦ አለቀ። በቦታው ባሕር ዛፍ ተተከለ። መሬቱ መናድ የጀመረው ከዚያ በኋላ እንደሆነ አሁን ነው ልብ ያልኩት።

ጥያቄዬ፦ አኻያ መልሼ ብተክል ይይዝልኛል? እንዴት ነው የሚተከለው? ችግኙስ ከየት ይገኛል? ሌላም አለኝ። አዲስ አበባ 200 ካሬ ግቢ አለኝ፣ ባለቤቴ ያን ቅርንጫፉ እንደ ፀጉር ወደ ታች የሚወርደውን ዊፒንግ ዊሎ የሚባለውን በር ላይ ካልተከልን ትላለች። እሱም አኻያ ነው አሉ። ይሆናል?

ችግኝ አፍዪ፣ ነሐሴ 14

ወንድሜ፣ እናትህን እግዜር ይጠብቃት። ደን ነው የተማርኩት፣ ችግኝ ጣቢያም ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝምብህ።

አዎ፣ ያድነዋል። ግን ዛፉ ብቻውን አይደለም የሚያድነው፣ አተካከሉ ነው።

እኛ አገር በየወንዙ ዳር የሚበቅለው አኻያ የራሳችን ነው፣ ከውጭ የመጣ አይደለም። የሳይንስ ስሙ ሳሊክስ ሙክሮናታ ነው፣ ድሮ ሳሊክስ ሰብሴራታ ይባል ነበር። በኦሮምኛ አለልቱ ይሉታል። ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጥርስ አለው፣ ከላይ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ፣ ከሥር ፈዛዛ። ለጋው ቅርንጫፍ ቀላ ይላል። እንደ ወይራና እንደ ዝግባ የሚገዝፍ ዛፍ አይደለም፣ 10 ሜትር ከደረሰ ትልቅ ነው። በበጋ ከውኃ ዳር እስካለ ድረስ ልምላሜው አይለየውም።

መሬት የሚይዝበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ሥሩ ነው። ወደ ታች አንድ ወፍራም ሥር ከመስደድ ይልቅ ብዙ ቀጫጭን ሥር ይረጫል፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ አፈሩን ያቅፈዋል። ወንዝ ዳር ያለ አኻያ ሥር ውኃው ውስጥ እንደ ቀይ ፀጉር ተበትኖ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ሁለተኛው ቅርንጫፉ ነው። ደራሽ ሲመጣ አይጋፈጠውም፣ ይተኛለታል፣ ውኃው በላዩ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ የያዘውንም ደለል እዚያው ይጥላል። ባሕር ዛፍ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከሥሩም ሣር ቁጥቋጦ እንደልብ አያበቅልም። ሥሩ ያለው አፈር ራቁቱን ስለሆነ ውኃው ይልሰዋል።

ችግኝ አትፈልግ። አኻያ ከዘር ማፍላት አስቸጋሪ ነው። ዘሩ ጥጥ የለበሰ በጣም ትንሽ ነገር ነው፣ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፣ በቀናት ውስጥ እርጥብ ጭቃ ላይ ካላረፈ ይሞታል። ከቅርንጫፍ ግን የሚቀል ነገር የለም። አውራ ጣት የሚያህል ወይም ትንሽ ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ትቆርጣለህ፣ ርዝመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይሁን። ወደ ሥር የሚሆነውን ጫፍ በሰያፍ ትቆርጠዋለህ፣ የላዩን ቀጥ አድርገህ፣ በዚያ ታውቀዋለህ። ገልብጠህ እንዳትተክል። ቅጠሉን ታረግፋለህ። ከዚያ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ እስኪገባ እንደ ችካል ትተክለዋለህ። በቆረጥክበት ቀን ካልተከልክ ጫፉን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክረህ ጥላ ላይ አቆየው። በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጫጭ ሥር ሲያወጣ ታያለህ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ዳሩ አሁን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ አናቱ ላይ ብትተክል ትርፉ ድካም ነው። ውኃው ከሥር ይቦረቡረዋል፣ ዛፉም ይዞት ይገባል። በመጀመሪያ ዳሩን በአካፋ ተዳፋት አድርገው። እግሩ ላይ ድንጋይ ደርድር። ችካሉን ከታች ከውኃው ጠርዝ ጀምረህ ወደ ላይ በረድፍ በረድፍ ትከል፣ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር ይበቃል። ከላይ ከላይ ደግሞ ዴሾ ሣር ወይም ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ጨምርበት። ወንዙ ወለል ውስጥ ግን አትትከል። መንገዱን ካጠበብክበት ማዶ ያለውን ጎረቤት መብላት ይጀምራል፣ ከዚያ ጠብ ነው።

ስለ አዲስ አበባው ግቢህ፣ ሌሎች ይመልሱልህ። የእኔ መልስ አይሆንም ነው።

ገበሬው ከቡሬ፣ ነሐሴ 15

እህታችን ጥሩ ብላለች፣ ግን መቼ እንደሚተከል አልነገረችውም። እሱ ነው ዋናው። ችግኝ የሚተከለው ሰኔና ሐምሌ ነው ብለህ አሁን ዘለህ እንዳትተክል። ለተራራና ለጓሮ እውነት ነው። ወንዝ ዳር ግን አሁን የተከልከውን ነሐሴ ሳያልቅ ወንዙ ነቅሎ ይወስድብሃል፣ ሥር ለመያዝ ጊዜ የለውም።

እኛ የምንተክለው መስከረም መጨረሻ፣ ወንዙ ጎደል ሲል ነው። ጥቅምት አጋማሽ ድረስም ይቻላል። ያን ጊዜ ዳሩ ገና እርጥብ ነው፣ ውኃው እየወረደ ሲሄድ ሥሩም እየተከተለው ይወርዳል። እስከ ሚቀጥለው ሰኔ ስምንት ወር አለው። ጥር ላይ ትኩስ ቅጠል ይዞ ታገኘዋለህ።

ደግሞ ከብት። አኻያ ከብትም ፍየልም ይወዱታል። በበጋ ሣር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ወንዝ ዳር ነው። ለሁለት ዓመት ካላጠርክ የተከልከው ሁሉ መኖ ነው። እሾህ ቆርጠህ እጠር። ካደገ በኋላ ግን ራስህ እየቆረጥክ ብታበላ ችግር የለውም፣ እኔ የካቲትና መጋቢት ላይ ለላሞቼ እሰጣለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ነሐሴ 15

ስለ ግቢው እኔ ልንገርህ፣ ቀምሼዋለሁና።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ቤት ስንገዛ ጓሮው ውስጥ ትልቅ ዊፒንግ ዊሎ ነበር። ቤቱን የወደድነው በሱ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ፀደይ ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ ቢጫ አረንጓዴ ይለብሳል፣ የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል ከሁሉ ዘግይቶ ያራግፋል። ከሥሩ ቁጭ ስትል ድንኳን ውስጥ ያለህ ይመስልሃል። እናቴ ከአገር ስትመጣ ገና እንዳየችው እጇን አገናኝታ ዳዊት ላይ ያለው አኻያ ይሄ ነው አለች፣ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ነበር የምትጸልየው።

በሦስተኛው ዓመት ምድር ቤታችን ውስጥ የፍሳሽ ውኃ ወደ ላይ ተመለሰ። ቧንቧ ሠሪው ካሜራ አስገብቶ አሳየን። የሸክላ ቧንቧው መጋጠሚያ በመጋጠሚያው ሁሉ በሥር ታጭቋል፣ ልክ እንደ ጥጥ። ዛፉ ከቧንቧው ከ10 ሜትር በላይ ይርቅ ነበር! ቧንቧ ሠሪው እንዳስረዳኝ ሥሩ ደህና ቧንቧ አይሰብርም። ግን ከስንጥቅ የምትወጣ ትንሽ እርጥበት ካለች ያገኛታል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ እየወፈረ ይከፍተዋል። ጠቅላላ ወጪያችን ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። በዓመቱ ደግሞ በማዕበል አንዱ ትልቅ ክንድ ተገምሶ አጥር ሰበረ። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ያደገ ነገር ቶሎ ይሰበራል። የቆረጥነው ቀን እናቴ እንዳታይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። እስካሁን ያንን ቦታ ሳይ ቅር ይለኛል።

አንተ 200 ካሬ ውስጥ የት አድርገህ ነው ከሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከውኃ ታንከርና ከጎረቤት ግንብ የምታርቀው? ለዚህ ዛፍ በትንሹ 15 ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ለባለቤትህ ሌላ የሚያምር ዛፍ ፈልግላት።

ግንበኛው፣ ነሐሴ 15

እህቴ ትክክል ብላለች። እኔ የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ፣ ከቧንቧው በላይ የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው።

አዲስ አበባ ብዙ ሰፈር፣ በተለይ ወደ ቦሌ፣ ወደ አቃቂና ወደ ለቡ፣ መረሬ ነው፣ ጥቁሩ አፈር። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በጋ ላይ እጅህን የሚያስገባ ስንጥቅ ታያለህ። ውኃ የሚስብ ዛፍ ከቤት ጥግ ስትተክል በዛፉ በኩል ያለው አፈር ከሌላው ይልቅ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። የቤትህ አንድ ጥግ ይሰምጣል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። በመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ የዚያ ነው። ለንደን ከተማም የሸክላ አፈር ላይ የተሠራች ስለሆነች ከቤት አጠገብ ያለ አኻያ በዚሁ የታወቀ ነው፣ እዚያ ቤት የሚገዛ ሰው በአቅራቢያው አኻያ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ዛፉን የሚጠላ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩኝ። ቦታው ወንዝ ዳር ነው። ቤት ዳር አይደለም።

የላህ ዳር ልጅ፣ ነሐሴ 15

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የግቢውን ጉዳይ ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ የሲልቨር ስፕሪንጓን ታሪክ ስትሰማ ራሷ ተወችው። ጓሮ ውስጥ ኮባና ሮማን ትተክላለች።

አሁን እናቴ ጋ ደውዬ አኻያ የቀረው የት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ከእኛ ወደ ታች ግማሽ ሰዓት ሄዶ አንድ ጠበል አጠገብ አምስት ስድስት ዛፍ አለ አለች፣ ጠበሉ አካባቢ ስለሆነ ማንም አልነካውም። ከዚያ ቅርንጫፍ ለመውሰድ ቄሱን አስፈቅዳለሁ ብላለች።

እሷ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች። ልጡን ቀቅለው ለትኩሳት ይጠጡት ነበር አለች። እውነት ነው?

ኃይሌ የሰፈሩ፣ ነሐሴ 16

እውነት ነው ወንድሜ፣ አስፕሪን ራሱ ከአኻያ ነው የተሠራው። እንዲያውም ለወባም ይሆናል፣ ክኒን ከመግዛት ልጡን አፍልቶ መጠጣት ነው።

ነርሷ፣ ነሐሴ 16

ወንድም ኃይሌ፣ በክብር ነው የምለው፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርህ ሰው ይገድላል። እባክህ አስተካክለው።

መጀመሪያ እውነቱን ላስቀምጥ። የአኻያ ልጥ ውስጥ ሳሊሲን የሚባል መራራ ነገር አለ፣ ስሙም ከዛፉ የላቲን ስም ከሳሊክስ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ልጡን አድርቆ ፈጭቶ ትኩሳት ለያዛቸው 50 ለሚሆኑ ሰዎች እየሰጠ ያየውን ለንደን ላለው ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የሳይንስ ማኅበር ጻፈ። በ1828 ሙኒክ ውስጥ ዮሃን ቡክነር ሳሊሲኑን ለይቶ አወጣ። ግን ከሱ የሚገኘው ሳሊሲሊክ አሲድ ሆድ ያቃጥል ነበር። በ1897 ባየር ኩባንያ ውስጥ ፊሊክስ ሆፍማን ለሆድ የሚሻለውን አሲታይልሳሊሲሊክ አሲድ ሠራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አስፕሪን ተብሎ ወጣ። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ አኻያ አይገባበትም። ስለዚህ እናትህ ያሉት ከንቱ ወሬ አይደለም፣ አያቶቻችን ትኩሳት እንደሚያበርድ በልምድ አውቀውታል።

አሁን ስለ ወባ። ትኩሳት ማብረድና ወባን ማዳን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ልጡ ትኩሳቱን ቢያወርድልህ እንኳ ተሕዋስያኑን አይነካም። ሰውዬው ተሻለኝ ብሎ ይተኛል፣ በሽታው ወደ አንጎል ይሄዳል። ያ አካባቢ ደግሞ ወባ ያለበት ነው። ትኩሳት ያለው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

ሌላም አለ። ለልጅና ለታዳጊ በቫይረስ ትኩሳት ጊዜ አስፕሪን አይሰጥም፣ ሬይ የሚባል አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ከባድ ነገር ስለሚያመጣ። ልጡም የዚያው ቤተሰብ ነው። የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ አስፕሪን የማይስማማው፣ አስም ያለበት ሰው አይንካው። ክኒን ላይ መጠኑ ተጽፏል። ድስት ውስጥ የፈላ ልጥ ላይ ግን ምን ያህል እንደጠጣህ ማንም አያውቅም።

ኃይሌ የሰፈሩ፣ ነሐሴ 16

እህቴ ይቅርታ፣ ገብቶኛል። የወባውን አነጋገር መልሼ ወስጃለሁ፣ ማንም እንዳይሞክረው። እኔ የማውቀው አባቴ ለመፋቂያ ሲቆርጠው ነው። ወይራና ክትክታ ካልተገኘ የአኻያ ለጋ ቅርንጫፍ ነበር የምንፍቀው፣ መራራ ነው፣ ግን አፍ ያጸዳል።

አባ ገብሬ ከአሽዶድ፣ ነሐሴ 17

ልጆቼ፣ የምትጽፉትን የልጅ ልጄ እያነበበችልኝ ነው፣ የምላችሁንም እሷ ትጽፋለች።

እኔ የተወለድኩት ጎንደር፣ ወገራ ነው። ወንዛችን ዳር አኻያ ነበረ። ኦሪት ዘሌዋውያን 23 ላይ ለዳስ በዓል የወንዝ አኻያ ውሰዱ ይላል። ልጅ ሆኜ ቄሶቻችን ሲያነቡት ያን የኛን ወንዝ ነበር የማስበው። እዚህ እስራኤል ስመጣ ዓራቫ ይሉታል። በዳስ በዓል ጊዜ አንድ ኤትሮግ (ትርንጎ)፣ አንድ የዘንባባ ለጋ፣ ሦስት ሀዳስ (አደስ)፣ ሁለት ዓራቫ አብሮ ይያዛል። ከአራቱ ቶሎ የሚጠወልገው ዓራቫው ነው። በሁለት ሦስት ቀን ይሞታል፣ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፣ በበዓሉ መካከልም እንቀይረዋለን። ከውኃ የተለየ አኻያ ዕድሜ የለውም።

በዳዊት መዝሙር ምርኮኞቹ መሰንቆአቸውን የሰቀሉበትም እሱ ነው። የልጅ ልጄ ግን ዩኒቨርሲቲ ተምራ ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ ራሷ ትጻፈው።

የልጅ ልጁ ነኝ። አያቴ እንዲህ ሲል እኮ ደስ ይለኛል። ብዙ የዕፅዋት ሊቃውንት በባቢሎን ወንዞች ዳር የነበረው ዛፍ የኤፍራጥስ ፖፕላር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፣ እሱም የአኻያ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ለጋው ላይ ቅጠሉ እንደ አኻያ ቀጭን ነው። ቅርንጫፉ የሚወርደው ዊፒንግ ዊሎ ደግሞ ከቻይና የመጣ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሳሊክስ ባቢሎኒካ ብሎ የሰየመው ያን መዝሙር አስቦ ነው፣ ስሙ ተሳስቶ ቀረ። ስለዚህ የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ያዩት ዛፍ ከባቢሎን አይደለም፣ ግን የጸለዩት ጸሎት ያው ነው።

ቅርጫት ሠሪዋ፣ ነሐሴ 18

እኔ ብሪስቶል፣ እንግሊዝ ነው የምኖረው። ስለ ጥቅሙ ማንም ብዙ አላለም፣ እኔ ልጨምር።

ከዚህ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ሱመርሴት የሚባል ረግረግ አገር አለ። እዚያ አኻያን እንደ ሰብል ነው የሚያርሱት። በየዓመቱ ክረምት ቅጠሉ ሲረግፍ ከመሬት ላይ ያጭዱታል፣ በሚቀጥለው በጋ ከሰው ቁመት በላይ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ይመለሳል። ጉቶው እንደዚያ እየታጨደ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ኮርስ ገብቼ መሸመን ተማርኩ። የደረቀውን ዘንግ መልሰህ ለማለስለስ ትነክረዋለህ፣ ልጡ ያልተላጠ ከሆነ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ርዝመት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ ጣትህ ላይ ብትጠመጥመው አይሰበርም። እናቴ በአክርማና በስንደዶ ሰፌድና ሌማት ስትሰፋ አይቼ ስላደግሁ እጄ ቶሎ ለመደው፣ አስተማሪዬ የት ተማርሽ ብላ ጠየቀችኝ።

ሰው የሚሳፈርበት የአየር ባሉን ቅርጫት እስከ ዛሬ ከአኻያና ራታን ከሚባለው ሐረግ መሰል ተክል ነው የሚሸመነው፣ ምድር ሲመታ ይለመጣል እንጂ አይሰነጠቅም። የክሪኬት ጨዋታ መምቻም በአብዛኛው የሚሠራው ከአኻያ ነው፣ ቀላል ሆኖ ምት ይችላል። ሠዓሊዎች የሚስሉበት ከሰልም ከአኻያ ዘንግ ነው።

አገር ቤት ያለው አኻያ እንደዚህኛው ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ የሚሰጥ አይደለም። ግን ጉልበት ላይ ብትቆርጠው ብዙ ለጋ ያወጣል፣ ለአጥር መጥለፊያና ለዶሮ ቅርጫት የሚሆን። እናትህ እየቆረጠች እንድትጠቀም ንገራት፣ መቁረጥ አይገድለውም። ነቅሎ ማውጣት ነው የሚገድለው።

ንብ አርቢው፣ ነሐሴ 18

አንድ ነገር ረስታችኋል። አኻያ ወንድና ሴት ዛፍ አለው። ወንዱ ብናኝ ይሰጣል፣ ሴቷ ዘር። ንብ ሁለቱንም ትወዳለች፣ ከሁለቱም የአበባ ማር ትቀስማለች። ከአንድ ዛፍ ብቻ 60 ቅርንጫፍ ብትቆርጥ 60ውም ያው አንድ ዛፍ ነው፣ ሁሉም ወንድ ወይም ሁሉም ሴት። በሽታ ቢመጣም ሁሉንም አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ከአምስቱም ዛፍ ቀላቅለህ ቁረጥ።

ኡፕሳላ ያለሁት፣ ነሐሴ 19

ከስዊድን ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እዚህ አገር አኻያ በማሳ ተተክሎ በየሦስት አራት ዓመቱ በማሽን ይታጨዳል፣ ተከትፎ የከተማ ማሞቂያ ጣቢያ ውስጥ ይነድዳል። ኤንሾፒንግ የምትባል ከተማ ደግሞ የፍሳሽ ማጣሪያዋን ውኃ ከ70 ሄክታር በላይ የሚሆን የአኻያ ማሳ ታጠጣበታለች፣ ዛፉ ናይትሮጅኑን ይመገበዋል። ካድሚየም የሚባለውን መርዛማ ብረትም ከአፈር ይስባል። ይሄን የማነሳው ለአዲስ አበባ ሰዎች ነው። አቃቂና ቀበና ዳር አኻያ ቢተከል ደስ ይለኛል፣ ግን ፋብሪካ በሚለቅበት ወንዝ ዳር የበቀለውን ቅጠል ለከብት አትስጡ። ዛፉ የሳበው ብረት ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው።

ችግኝ አፍዪ፣ ነሐሴ 19

የኡፕሳላው ወንድሜን እደግፋለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እባካችሁ ከውጭ የአኻያ ቅርንጫፍ በሻንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ አፈር ይይዛል ብለው ከአውሮፓ ያስገቡት አኻያ ወንዞቻቸውን ዘግቶባቸዋል። አንዳንዱ ዓይነት ቅርንጫፉ ራሱ እየተሰበረ፣ በውኃ እየተወሰደ፣ ባረፈበት ይበቅላል። ደቡብ አፍሪካም እንዲሁ፣ የውጭው አኻያ በወንዞቻቸው ዳር መጤ ሆኖ ተስፋፍቷል። ያውም የኛው ዓይነት አኻያ የራሳቸው አላቸው። እንቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን አይተናል። የራሳችን ዛፍ እያለን ለምን?

የላህ ዳር ልጅ፣ ጥቅምት 9

ተመልሻለሁ። የመስከረም መጨረሻ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ቄሱ ከፈቀዱት አምስት ዛፍ 80 ቅርንጫፍ ቆረጥን። ዳሩን ከአጎቴ ልጆች ጋር በአካፋ ተዳፋት አደረግነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብን፣ ድንጋዩን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን በራሳቸው አህያ አመላለሱልን። እሳቸውም በነሱ በኩል 30 ተከሉ። ባሕር ዛፉን አልነቀልነውም፣ ሥሩ ለጊዜው ይይዛል፣ አኻያው ሲጠነክር እናሳሳዋለን።

እናቴ ላዩን ላዩን ዴሾ ተከለች። አጥሩ የግራር እሾህ ነው።

ገበሬው ከቡሬ፣ ጥቅምት 9

ጎበዝ። ጥር ላይ ተመልሰህ የሞተውን ተካ። የሞተ ችካል በጥፍርህ ልጡን ስትፍቀው ከሥሩ ቡናማ ነው፣ በሕይወት ያለው አረንጓዴ ነው። ቅጠል ስላላወጣ ብቻ ነቅለህ እንዳትጥል።

የላህ ዳር ልጅ፣ ነሐሴ 21፣ በዓመቱ

አንድ ዓመት ሞላ። ከ80ው 23ቱ ሞቱ፣ አሥራ አንዱ ከብት ገብቶ ነው፣ የቀሩት ከላይ ደረቅ ቦታ የተተከሉት ናቸው። ከውኃው ጠርዝ የተተከሉት አንድም አልሞቱም። ትልቁ ደረቴ ጋ ደርሷል።

ሐምሌ 26 ማታ ጅረቷ ሞላች፣ ካለፈው ዓመት ትበልጣለች አለች እናቴ። ጠዋት ስትወርድ ችካሎቹ ሁሉ ወደ ወራጁ ተኝተው ጭቃ ለብሰው አገኘቻቸው። አለቀልኝ ብላ ደወለችልኝ። በአራተኛው ቀን መልሳ ደወለች። ተነሥተዋል። ከሥራቸው አንድ ክንድ የሚሆን ደለል ቀርቷል፣ ጓሮውም አንድ እርምጃ አልጎደለም። ደለሉ ላይ ጎመን ልዝራበት ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች፣ ችግኝ አፍዪ ምን ትያለሽ?

ችግኝ አፍዪ፣ ነሐሴ 21

እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ዕልል አልኩ እኮ! ዘንድሮ አትዝራበት። መቆፈሯ አዲሱን ሥር ይበጥሰዋል። ሣሩ እንዲይዘው ትተወው፣ ጎመኑን ከአኻያው በላይ በኩል፣ ከዴሾው ወዲህ ትዝራ።